ጽናት የወለወለችው መስታወት

ኢንስፔክተር ኮከቤ ብርድ አትወድም፤ የሰው ሬሳ ማየትም በዚህ ሁሉ ዓመት ሊለመዳት አልቻለም። የዚያን ዕለት የጥር ማለዳ ሁለቱም በጓሳ ደጋ ላይ ይጠብቋት ነበር።

ከቀየት ከተማ የተነሣ ሚኒባስ ፀሐይ ስትወጣ ከጓሳው መታጠፊያ ላይ ገደል ገብቷል። ሾፌሩ ዳኜ ብቻውን ነበር፤ ሰርገኞች ሊያመጣ ባዶ መኪና ይዞ ሲሄድ ነው የሞተው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ነው። ኮከቤን ያስጠራት ሌላ ነው፤ የሟች ወንድሞች «ሰው ነው የገደለው» ብለው ጠመንጃቸውን አንግተዋል፤ ገዳይ ያሏትንም ሴት በስም ጠርተዋል።

ሬሳው የበግ ፀጉር ባና ለብሶ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ኮከቤ የባናውን ጫፍ ገልጣ ፊቱን አየች። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ለሰርጉ ብሎ ትናንት ጢሙን የተላጨ ሰው ነው። ቶሎ መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ እጇን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ትንጎራደድ ጀመር። ቆማ ማሰብ አትችልም፤ ከእሷ ጋር የሚሠራ ፖሊስ ጫማ አይበረክትለትም እየተባለ ይቀለድባታል።

«ፍሬኑስ?» አለች።

«ደህና ነው» አላት ሳጅን ማሙሽ ከኋላዋ እየተከተለ። «መሪውም ጎማውም ደህና ነው። የሚገርመው፣ መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ፍሬን የያዘው ጠርዙ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።»

«እንደማያይ ሰው።»

«ሰዉም የሚለው እሱን ነው። ቀየት ውስጥ ጽናት የምትባል ልጅ አለች፤ የደበዘዘ የመኪና መስታወት እየወለወለች ታጠራለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ የዳኜን የፊት መስታወት ስትሠራ ነው የዋለችው። ‹ፈትጋ ፈትጋ አሳወረችው› ይላሉ። ወንድሙ ዓምደ ሚካኤል ደግሞ ‹የምታገሠው ቀብሩ እስኪያበቃ ብቻ ነው› ብሏል።»

ኮከቤ ቀጥ አለች። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። ዓምደ ሚካኤል ከዚያ በኋላ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ለማወቅ እሱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ደም እመልሳለሁ ያለ ሰው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም።

«መስታወቱ የት አለ?»

የፊት መስታወቱ ከዙሪያው የማሸጊያ ጎማ ጋር ተነቅሎ ወጥቶ፣ በተገለበጠው መኪና ጥላ ሥር፣ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ተሰነጣጥቋል እንጂ አልተበታተነም። ሕዝቡ ሬሳውን ሲያወጣ ዙሪያውን ረጋግጦታል፤ ቀና አድርጎ ያየው ግን የለም። ሁለቱ ተጋግዘው ገለበጡት።

ማሙሽ አማተበ። መስታወቱ ነጭ ነበር።

«እውነትም አሳውራዋለች!»

ኮከቤ ጓንቷን አውልቃ ንጣቱን በጥፍሯ ጫረችው። ተላጠላት። ከአቧራ ጋር የረጋ ስስ በረዶ ነው፤ መጥረጊያው የተመላለሰበት ቅስት መስመር መስመር ሆኖ በረዶው ላይ ቀርቷል። አሸተተችው፤ አፈር አፈር ይላል። ምላሷን ስታስነካው ማሙሽ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አንዱን ጥግ በትንፋሿ እያሞቀች በአንገት ልብሷ ጠረገችና በዚያ በኩል ወደ ፀሐይ አየች። ከስንጥቁ በቀር ጭረት የሚባል የለውም። የዚህን ያህል ያረጀ መኪና መስታወት እንዲህ ጠርቶ አይታ አታውቅም።

«ሳይቀልጥ ፎቶ አንሣው» አለችው። «ያየኸውን ደግሞ ለማንም እንዳትናገር።»

ጽናት በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ናት። ጥፍሮቿ ሥር ሮዝ ዱቄት ገብቷል። ኮከቤ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም።

«እንዴት ነው የምትሠሪው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«የፊት መስታወት በአሸዋውና በመጥረጊያው ብዛት ይጫራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ይንቦገቦግና ሾፌሩ አያይም። መጀመሪያ አጥበዋለሁ። ከዚያ ማለስለሻ ዱቄቱን በውሃ ለውሼ በባና ቁራጭ አሸዋለሁ፤ እንዳይግል ውሃ እያርከፈከፍኩ። ለዚህ ሥራ የመንዝ በግ ፀጉርን የሚያህል የለም። ሲያልቅ ሾፌሩ ቦታ ላይ እቀመጥና የምትጠልቀውን ፀሐይ ፊት ለፊት አያታለሁ። ሳላይ አላስረክብም። ትናንትም አይቻለሁ፤ ጠርቶ ነበር!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ዳኜን ልግደለው? ‹ሴት ልጅና መኪና ምን አገናኛቸው› ሲሉኝ፣ መጀመሪያ መኪናውን ያመጣልኝ እሱ ነው።»

«ውሃ ስታርከፈክፊ ኮፈኑን ከፍተሻል?»

«አልከፈትኩም። መደገፊያው ተሰብሯል፤ አንድ ሰው ወደ ላይ ካልያዘልሽ ራስሽ ላይ ነው የሚወድቅ… ይቅርታ፣ ራስዎ ላይ።»

«ከኮፈኑ ሥር ያለው የመስታወት መርጫ ውስጥስ ምን ነበረበት?»

«ባዶ ነበር። ‹ጠዋት አረቄውን እሞላዋለሁ› ብሎኛል።»

ኮከቤ መንጎራደዷን ተወች። «አረቄ?»

ጽናት እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ቀና አለች። «እርስዎ የቆላ ሰው ነዎት መሰለኝ። ጓሳ ላይ በዚህ ወር መስታወት ላይ ውሃ ቢረጩ እዚያው በረዶ ይሆናል። የኛ ሾፌሮች ከኅዳር ጀምሮ መርጫው ውስጥ ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ ነው የሚሞሉት። አረቄ አይረጋም።»

«የዳኜ አረቄ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሚስቱ እትዬ ጌታነሽ ናት የምታወጣለት። ጀሪካኑ ግን መኪናው በሚያድርበት ግቢ፣ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ዘንድ ነው። ሌላ ሰው ዘንድ ቢሆን እስከ ጥምቀትም አይደርስም ብሎ ነው። እሳቸው ታቦት ፊት ምለው መጠጥ ከተዉ ብዙ ዘመናቸው ነው።»

ኮከቤ ወደ በሩ አመራች። ጽናት ከኋላዋ «ወደ ቤቴ እገባለሁ?» አለቻት። «ገና ነው» አለቻት ኮከቤ። ልጅቷ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ባልዲ ውሃ ይዛ ከዚያ መኪና አጠገብ ነበረች፤ ይህንን የሰማ ሁሉ መርጫው ውስጥ ውሃ የጨመረችው እሷ ናት እንደሚል ኮከቤ ታውቃለች።

አፈወርቅ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከዳኜ ጋር በወረፋ ጉዳይ ሲነታረኩ ያልሰማ ቀየት ውስጥ የለም። ሞቱንም መጥቶ የተናገረው እሱ ነው። ኮከቤ ስታገኘው መኪናው ጎማ ላይ ተደግፎ ሲጋራ ለመለኮስ ይታገላል።

«ቀድሜዋለሁ፤ አልክድም» አላት ሳትጠይቀው። «አቧራም አልብሼዋለሁ፤ እሱንም አልክድም። ሁልጊዜ እንደዚያ ነን፤ ዛሬ እኔ፣ ነገ እሱ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ኋላ በስፖኪዮ አየሁት። አቧራውን ሊያጥብ መስታወቱ ላይ ረጨ፤ መጥረጊያው ተመላለሰ። ከዚያ መስታወቱ ነጭ ሆነ። ፀሐይ ያረፈችበት መስሎኝ ነበር። መልሼ ስመለከት…» ሲጋራውን ጣለው። «መልሼ ስመለከት መኪናው የለም።»

«መኪናህ የሚያድረው ከእሱ ጋር ነው?»

«የኔ የሚያድረው ቤቴ ነው፤ እናቴ ትመስክር። የኔንም አረቄ እሷው ናት የምታወጣው። የጌታነሽን እንኳ ቀምሼው አላውቅም፤ እሳት ነው ይባላል።»

ኮከቤ አመሰገነችውና ጥላው ሄደች። ፀሐይዋ እየከረረች ነው። ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የመቃብር ቆፋሪዎቹ ዶማ ይሰማል፤ በሰማችው ቁጥር እርምጃዋ ይፈጥናል።

ጋሽ ኪዳነ ወልድ የግቢው ባለቤትም ጠባቂም ናቸው። ረጅም፣ ሽበታቸው የሚያምር፣ ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰካራም ባል ያላት ሴት ሁሉ ባሏን ወደ እሳቸው ትልካለች፤ ቄሱ ሳይቀሩ በስብከታቸው መሐል ያነሷቸዋል። ባለቤታቸው መስከረም ላይ ስላረፈች ከል ለብሰዋል። ጉንጫቸው ውስጥ ጤና አዳም ያላምጣሉ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አሏት ስታያቸው።

«እግዜር ይማርዎ። ዳኜ ሲወጣ አይተውታል?»

«ተኝቼ ነበር፣ ልጄ። የመኪናውን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።»

«ጀሪካኑስ?»

በአገጫቸው አመለከቱ። ቢጫው ጀሪካን ከግንቡ ጥግ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኮከቤ በአንድ እጇ አነሣችው፤ ከግማሽ በላይ አለበት። ጆሮዋን አስጠግታ ወዘወዘችው። ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ ተመለከተችና መልሳ ገጠመችው።

«ከእርስዎ ሌላ ማን ይነካዋል?»

«ክፍሌ ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ዳኜ ሲፈልግ እሰጠዋለሁ። ትናንት ማታ ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ።» ቁልፉን በጣታቸው እየዳበሱ «ልጅቷን ምን ታደርጓታላችሁ?» አሉ።

«የሟች ወንድሞች ምን እንደሚያደርጓት ነው የሚያሳስበኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

የዳኜን ረዳት አንዷለምን ያገኘችው ከግቢው ስትወጣ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ መጠጥ ከጠፋ በመጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሱ ነው። ከትናንት ጀምሮ ዘመሮ ከተማ ሰርግ ቤት ድንኳን ሲተክል እንዳደረ ሙሽራው ራሱ መስክሮለታል። ዓይኑ አብጧል፤ ከመጠጥ ይሁን ከልቅሶ አይለይም።

«የመኪናውን አረቄ ጠጥተህ ታውቃለህ?»

«አምና አንድ ጊዜ። ዳኜ ደርሶበት ቁጣው! ‹የጠጣኸው ዓይኔን ነው› አለኝ። ጀሪካኑን ጋሽ ኪዳነ ወልድ ዘንድ ያስቀመጠው ከዚያ ወዲህ ነው።» አንዷለም አፍንጫውን ጠረገ። «ትናንት አብሬው ባድር ኖሮ ኮፈኑን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ጉንፋን ይዞት፣ አፍንጫው ተደፍኖ፣ ብቻውን ትቼው ሄድኩ።»

ኮከቤ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ዞር አለች። «ምን አልክ?»

ደገመላት። ትከሻውን መታ አድርጋ ሩጫ ሊባል በሚችል እርምጃ ወደ ጣቢያው ሄደች።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው በዳኜ ደጅ ድንኳን ውስጥ ተሰብስቧል። ብርዱ ስለጠና መሐሉ ላይ ግማሽ በርሜል ውስጥ እሳት ተያይዟል። ጌታነሽ ፊቷን ነጭታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጎኗ ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። አፈወርቅና አንዷለም ፊት ለፊታቸው ናቸው፤ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እሳቱ ዳር ቦታ ተለቆላቸዋል። ኮከቤ ጽናትን ከማሙሽ ጋር ይዛ ስትገባ ድንኳኑ ተናወጠ።

«ምን ልታደርግ መጣች!» ዓምደ ሚካኤል ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው ኮከቤ። «የምናገረውን ስማኝ። ከዚያ በኋላም ልትነሣ ከፈለግህ፣ በመጀመሪያ እኔን ነው የምታልፈው።»

ሽማግሌዎቹ ጎተቱት፤ ተቀመጠ። ኮከቤ እሳቱን እየዞረች ጀመረች።

«ዳኜ የሞተው መስታወቱ ነጭ ሆኖበት ነው። አፈወርቅ አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ። ንጣቱ ግን የጽናት ዱቄት አይደለም፤ በረዶ ነው። መጥረጊያው የተመላለሰበት መስመር በረዶው ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ የረጋው መኪናው እየሄደ ነው። ጠርጌ ባየሁት ጊዜ ከሥሩ ያለው መስታወት ምንጭ ውሃ ይመስል ነበር። ጽናት የሠራችው ሥራ ንጹሕ ነው።»

ጽናት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ታዲያ በረዶው ከየት መጣ?» አለ ዓምደ ሚካኤል። «መርጫው ውስጥ አረቄ ነው ያለው። አረቄ አይረጋም።»

«እኔም የጠየቅሁት እሱን ነው። የእትዬ ጌታነሽ አረቄ ይኸው።» ከማሙሽ እጅ ቢጫውን ጀሪካን ተቀበለች። «እሳት ነው ይባላል፤ እስቲ እንየው።»

ክዳኑን ከፈተችና ባለ በሌለ ኃይሏ እሳቱ ላይ ገለበጠችው።

ድንኳኑ በጩኸት ተሞላ። ጌታነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ኋላ ወደቀች። አንዷለም ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ፤ አፈወርቅ ፊቱን በክንዱ ጋረደ፤ ጽናት ማሙሽ ላይ ተለጠፈች። ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃውን ጥሎ የወንድሙን ሚስት ጎተተ። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ዕድሜያቸው የማይፈቅደውን ዝላይ ዘለሉ።

እሳቱ ጭስ ብሎ ጠፋ።

እንፋሎቱ ሲገፈፍ ከለቀስተኛው መሐል ከቦታው ያልተነቃነቀ አንድ ሰው ብቻ ታየ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደተቀመጡ፣ የጠፋውን እሳት ያያሉ።

«ውሃ ነው» አለች ኮከቤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት ስወዘውዘው የበረዶ ስባሪ ውስጡ ይንኳኳ ነበር። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሸሸው አረቄ ነው ብሎ ስላመነ ነው። ያልሸሸው ውሃ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ዳኜ ሲወጣ ተኝቼ ነበር ብለውኛል። የኮፈኑ መደገፊያ የተሰበረ ነው፤ ለብቻ አይሞላም። አንዷለም ዘመሮ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያደሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማን ያዘለት?»

መቆም አቅቶት የነበረው የኮከቤ እግር አሁን ጸጥ ብሏል። ሽማግሌው ሲዋሹ ብታያቸው ይሻላት ነበር፤ ሊዋሹ እንዳልሆነ ግን ከፊታቸው አወቀች።

«እኔ ነኝ» አሉ። ከጉንጫቸው ጤና አዳሙን አውጥተው መሬት ላይ ጣሉት። «ኮፈኑን የያዝኩለትም፣ ባትሪ ያበራሁለትም እኔ ነኝ።»

«ጋሽዬ!» አለ አንዷለም ከድንኳኑ ዳር።

«ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ አልያዘኝም። አንድ ሌሊት አንድ ጉንጭ ቀመስኩ። የጎደለውን በውሃ ሞላሁ። በነጋታው ደገምኩ፤ ሽታውን በጤና አዳም ሸፈንኩ። ማንም አልጠረጠረኝም፤ ማን ሊጠረጥረኝ? የሌላውን ሰው ባል የምገሥጽ እኔ! ዳኜ መርጫውን ሲሞላ ውሃ ብቻ እንደቀረ አውቅ ነበር። ጉንፋኑ እንዳያሸት ከለከለው። ‹ቆይ ልጄ፣ አትሙላው› ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ‹ታቦት ፊት ምዬ ከዳሁ› ከማለት ዝም ማለት ቀለለኝ። ጓሳ ላይ ላይፈልገው ይችላል አልኩ። ደህና ግባ ብዬ በሩን ከፈትኩለት።»

«ልጅቷን ሲወነጅሏትስ?» አለች ኮከቤ።

«ያን ጊዜም ዝም አልኩ» አሉ። እንባቸው በሸበተው ጢማቸው ላይ ይወርድ ጀመር።

ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃውን ከመሬት አነሣ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሱ ግን ሽማግሌውን ብዙ ካየ በኋላ ጠመንጃውን ለማሙሽ ሰጠው። «ውሰድልኝ» አለ። «ዛሬ እኔ ዘንድ አይደር።» ከድንኳኑ ወጥቶ የቤቱ ግድግዳ ጥግ ሆኖ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ።

ጌታነሽ ተነሥታ ጽናት ፊት ቆመች። ጠዋት በሕዝብ መሐል የረገመቻት እሷ ነበረች። አሁን የሚወጣ ድምፅ የላትም፤ የልጅቷን እጅ ይዛ፣ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ሮዝ ዱቄት አይታ፣ ጣቶቿን ሳመቻቸው።

«ጠርቶ ነበር» አለች ጽናት እየተንሰቀሰቀች። «እትዬ፣ ጠርቶ ነበር።»

ጌታነሽ ራሷን ነቀነቀችላት። ያን ዕለት ጽናት ቤቷ የገባችው ሁለቱ የሟች እህቶች ግራና ቀኝ አጅበዋት ነው።

ማሙሽ መኪናውን ወደ ጓሳው መንገድ ሲያቀና ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ከፊት፣ ከእሱ ጎን ተቀምጠዋል፤ ኮከቤ ከኋላ ናት። ማንም አይነጋገርም። ብርዱ ከእግር ጀምሮ ይወጣል።

ከኋላቸው የመጣ አንድ የጭነት መኪና ቀድሟቸው አለፈ። አቧራው የፊት መስታወቱን ሸፈነው፤ የምትጠልቀው ፀሐይም በአቧራው ላይ አረፈችና መንገዱ ጠፋ። ማሙሽ እንደልማዱ እጁን ወደ መርጫው ሰደደ።

«ምን አለበት?» አሉ ሽማግሌው።

«መርጫው? ውሃ ነዋ።»

ጋሽ ኪዳነ ወልድ በካቴና የታሰሩ ሁለት እጆቻቸውን አንሥተው የማሙሽን ክንድ ያዙት።

«አትርጨው፣ ልጄ» አሉት።

ማሙሽ ፍሬን ያዘ። ወርዶ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ኮከቤ ከኋላ ወንበሯ ላይ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።